ቆሜ የተቀበልኋቸው ጠያቂዎች

የወገቤ ቀዶ ሕክምና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ግን አራት ወር ሙሉ ወሰደብኝ። ዲስክ የሚባለውን የአከርካሪ ትራስ መታከሜን የሰሙ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች እየደወሉ የሚጠይቁኝ ስለ ቢላዋው ነው፤ ያማል ወይ፣ ሽባ ያደርጋል ወይ፣ ዳግመኛ ልጅ ማዘል ይቻላል ወይ ይሉኛል። ቤት ከገባሁ በኋላ ከአልጋ እንዴት እንደተነሣሁ፣ ማን ውኃ እንደቀዳልኝ፣ ሽንት ቤት እንዴት እንደተቀመጥሁ የሚጠይቀኝ ሰው ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ለመዳኔ ትልቁን ድርሻ የያዘው ያ በቤት ውስጥ ያለፈው ጊዜ ነው፤ በቤት ውስጥ ደግሞ ከሕመሙ ይልቅ ያስቸገረኝ የሚወዱኝ ሰዎች ሁሉ ተኝቼ እንድድን መፈለጋቸው ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ነው። ቤታችን ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ዳገቱ ላይ ነው። በዚያ ክረምት ውኃ በሰፈራችን በፈረቃ ይመጣ ስለነበር ሌሊት እየተነሣን እንቀዳ ነበር። አንድ ሌሊት ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ከግቢው ቧንቧ አንሥቼ፣ ጎንበስ እንዳልሁ ወደ ጎን ዞሬ ደረጃው ላይ ላሳርፈው ስል ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ሸርተት ያለ መሰለኝ። ቀና ማለት አቅቶኝ እጄን በግድግዳው ላይ አድርጌ ብዙ ቆምሁ። በሦስተኛው ቀን የወገቤ ሕመም ረገብ ሲል ደስ አለኝ፤ ለካስ ወደ እግሬ ወርዶ ኖሯል። ከግራ መቀመጫዬ ተነሥቶ በጭኔ ውጫዊ ጎንና በባቴ በኩል አልፎ እስከ እግሬ አውራ ጣት ድረስ እንደ ጋለ ሽቦ ይለበልበኝ ጀመር። ሳስልና ሳስነጥስ ይብሳል፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ስቀመጥ ይብሳል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና በዚያን ጊዜ 19 ዓመት ያገለገልሁት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ መዝገብ ላይ አቀርቅሬ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በጀሪካኑ ላይ መጣል አልፈልግም፤ ዲስክ በአንድ ሌሊት አይደክምም። አከርካሪያችን በአንገት 7፣ በደረት 12፣ በወገብ ደግሞ 5 አጥንቶች አሉት፤ በነዚህ መካከል ዙሪያቸው ጠንካራ፣ ውስጣቸው እንደ ሙጫ ለስላሳ የሆኑ፣ ዲስክ የሚባሉ ትራሶች ተቀምጠዋል። ዕድሜ ሲገፋ ትራሶቹ ውኃቸው እየቀነሰ ይደርቃሉ፣ ዙሪያቸውም ይሰነጠቃል። ከወገብ በታች ያሉት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከሁሉ የሚበልጠውን ሸክም ስለሚቀበሉ አብዛኛው የዲስክ መውጣት የሚደርሰው በእነርሱ ላይ ነው፤ የእኔም በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1999 በጀርመን የተደረገን አንድ ልኬት ካነበብሁ ወዲህ ጀሪካን ባየሁ ቁጥር ቁጥሮቹ ትዝ ይሉኛል። ተመራማሪዎቹ በአንድ ፈቃደኛ ሰው የወገብ ዲስክ ውስጥ የግፊት መለኪያ አስገብተው ነበር። ሰውየው ዘና ብሎ ሲቆም ግፊቱ 0.5 ሜጋፓስካል ሆነ፤ ወገቡን አጉብጦ 20 ኪሎ ሲያነሣ 2.3 ደረሰ፤ ጉልበቱን አጥፎ ያንኑ ሲያነሣ 1.7፣ ዕቃውን ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ ሲይዝ ደግሞ 1.1 ሆነ። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው፤ የእናቶቻችንና የእኅቶቻችን ወገብ በየሌሊቱ የሚሸከመውን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ቁጥር አላየሁም።

እናቴ መጀመሪያ ያስመጣችልኝ ወጌሻ ነበር። ወጌሻን አላንቋሽሽም፤ በልጅነቴ የወለቀ ክንዴን በቦታው የመለሰልኝ ወጌሻ ነው። ነገር ግን ዲስክ እንደ ወለቀ ክንድ ተስቦ የሚገባ ነገር አይደለም፤ ሽፋኑ ተቀዶ ውስጡ ያለው ለስላሳ ክፍል ወጥቶ ነርቩን የተጫነና ያስቆጣ ነው፤ ቢጎተት ወደ ቦታው አይመለስም። ሰውየው ወገቤን በቅቤ ሲያሸው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሁለት እግሬን ይዞ ሲስበኝ ግን ዓይኔ ጨለመ፣ ሁለት ቀንም ከፍራሽ አልተነሣሁም። ከርእሴ ትንሽ ወጣ ቢልም ስለ ስብራት አንድ ነገር ልጨምር፤ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ እጅ ወይም እግር ደም ተቋርጦበት እስከ መቆረጥ መድረሱ የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ያዩት ነገር ነው። የታሰረ ሰው ጣቱ ከጠቆረ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ማሰሪያውን ሳይውል ሳያድር መፍታትና ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የመጣው መርፌ ነው። አንድ ክሊኒክ ገብቼ ለ10 ቀን በየቀኑ ተወጋሁ፤ ሕመሙ ጋብ ይልልኝና ማታ ይመለሳል። ዳይክሎፌናክ እንደሆነ ነግረውኝ ነበር፤ ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ አብሮ ይሰጠኝ እንደነበር ግን ያወቅሁት ካርዴን ሌላ ሐኪም ስታነበው ነው። ስቴሮይድ እንቅልፍ ይነሣልና በዚያ ሰሞን ለምን እንቅልፍ እንዳጣሁ ያን ጊዜ ገባኝ። ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ሲወሰዱ የሚያስታግሱ ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ሲረዝሙ ግን ጨጓራን ይልጣሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። በተለይ የግፊትና የኩላሊት ሕመምተኛ የሆኑ ወላጆቻችን ከመድኃኒት ቤት እየገዙ ለወራት ሲወስዷቸው ሳይ ያሳዝነኛል። የሚወጋ ሰው ምን እንደሚወጋ ስሙን ጠይቆ በወረቀት ማስጻፍ መብቱ ነው፤ እኔ ያንን ባለማድረጌ ለብዙ ጊዜ ተቆጭቻለሁ።

ደሴ ውስጥ ደህና አድርጋ ያየችኝ ከላይ ያልኋት ሐኪም ናት። በጀርባዬ አስተኝታ የግራ እግሬን ሳይታጠፍ ቀስ ብላ ስታነሣው ገና 40 ዲግሪ ሳይሞላ ጮኽሁ። በተረከዜ አስኬደችኝ፣ በእግር ጣቶቼ አስኬደችኝ፣ እግሬን በመርፌ ጫፍ እየነካካች የት እንደሚሰማኝ ጠየቀችኝ። ከዚያ ከወገብ ጋር ምንም የማይገናኙ የመሰሉኝን ጥያቄዎች አከታተለች፤ ትኩሳት አለሽ ወይ፣ ሌሊት ያልብሻል ወይ፣ ክብደት ቀንሰሻል ወይ፣ ከቤተሰብ ቲቢ የታመመ አለ ወይ፣ ያልተፈላ ወተት ትጠጫለሽ ወይ አለችኝ። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ ብዙ ሰው አጉብጧል፤ መነሻው እንደ ማንኛውም የወገብ ሕመም ስለሆነ ብዙዎች ማሸትና መርፌ ላይ ሆነው ጊዜ ያልፍባቸዋል፤ በጊዜ ከታወቀ ግን በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። ጥሬ ወተትም ብሩሴሎሲስ የሚባለውን በሽታ አምጥቶ ወገብንና መገጣጠሚያን ያሳምማል። በመጨረሻ ስለ ሽንቴና ስለ ሰገራዬ ጠየቀችኝ። «ሽንት ካስቸገረሽ፣ ወይም በጭኖችሽ መካከል ያለው ቦታ ከደነዘዘብሽ፣ ወይም ሁለቱም እግሮችሽ ከደከሙ፣ ሌሊትም ቢሆን ነይ፤ እስኪነጋ አትጠብቂ» አለችኝ። ይህን ያነበበ ሁሉ ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ቢይዝልኝ ይበቃኛል፤ እነዚህ ምልክቶች በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው አደጋ ምልክቶች ናቸው።

ኤምአርአይ የሚባለውን የፊልም ምርመራ እንድታዝልኝ ብለምናት «አሁን አያስፈልግሽም» አለችኝ፤ በጣም ተቀየምኋት። ስድስት ሳምንት እየተራመድሁ፣ ሲያመኝ ብቻ ማስታገሻ እየወሰድሁ፣ ረጅም መቀመጥን እያስወገድሁ እንድቆይ ነገረችኝ። ምክንያቷን ያወቅሁት በኋላ ሳነብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ አንድ ጥናት ወገባቸውን ምንም ያላመማቸው 98 ሰዎች በኤምአርአይ ሲታዩ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ዲስካቸው ያበጠ ሆኖ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ፊልሙ ላይ የሚታየው ሁሉ የሕመሙ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። የወጣ ዲስክም በአብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ሰውነት ራሱ እየመጠጠው ይሟሽሻል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት የእግር ሕመማቸው ከ6 እስከ 12 ሳምንት የቆየባቸውን 283 ሰዎች በሁለት ከፍሎ ነበር፤ ግማሾቹ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፣ ግማሾቹ እየጠበቁ ታከሙ። ቶሎ የታከሙት ከሕመሙ የተገላገሉት ፈጥነው ነው፤ ዓመት ሲሞላ ግን በሁለቱም ወገን 95 በመቶ ያህሉ ድነው ተገኙ። እርግጥ ከጠበቁት መካከል 39 በመቶ የሚሆኑት በመንገድ ላይ ቀዶ ሕክምናውን መርጠዋል። እኔም ከነዚያ ወገን ሆንሁ።

ነገሩን የቀየረው ነጠላ ጫማ ነው። ታኅሣሥ ላይ ከሱቅ ስመለስ አንዲት የጎረቤት ልጅ ከኋላዬ እየሮጠች መጥታ «እትዬ፣ ጫማሽ ወልቋል» አለችኝ። ዞሬ ሳይ የግራ እግሬ ነጠላ ጫማ 20 እርምጃ ያህል ወደኋላ ኮብልስቶኑ ላይ ቀርቷል፤ እኔ በባዶ እግሬ በታኅሣሥ ብርድ ስሄድ አልተሰማኝም። ሕመሙ በዚያ ሳምንት ቀንሶልኝ ስለነበር እየዳንሁ መስሎኝ ነበር። ወደ ሐኪሟ ሄጄ በተረከዜ ልራመድ ስሞክር የግራ እግሬ ፊት አልነሣ አለ። ሕመም እየቀነሰ ድካም ሲጨምር ነርቩ እየተጎዳ መሆኑን ያሳያልና ከእንግዲህ መጠበቅ እንደማይገባ ነገረችኝ፤ አዲስ አበባ ላከችኝ። ዕቁባችን ተራዬ ሳይደርስ አወጣልኝ፣ የቀረውን ወንድሞቼና እኅቶቼ ተካፈሉልኝ።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ብዙ የምለው የለኝም፤ የተኛሁበት ስለሆነ አላየሁትም። በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እንደሆነ ሳነብ፣ እኔን ያከመኝ ወጣት ሐኪም በዚያ በር ከገቡት አንዱ መሆኑን አሰብሁና ላስተማሩት ሁሉ ዱዓ አደረግሁ። ከመፈረሜ በፊት ያልደበቀኝ ነገር አልነበረም፤ ቁስሉ ሊያመረቅዝ እንደሚችል፣ የነርቩ ሽፋን ሊቀደድ እንደሚችል፣ ከ100 ሰው ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ዲስኩ ዳግመኛ ሊወጣ እንደሚችል፣ እግሬ ከሕመሙ ፈጥኖ ቢገላገልም ድንዛዜው ግን ወራት እንደሚወስድ፣ ምናልባትም ሙሉ በሙሉ እንደማይለቀኝ ነገረኝ። ጥር 2011 ዓ.ም. ላይ ተደረገልኝ። ስነቃ መጀመሪያ ያደረግሁት እግሬን ማዳመጥ ነው፤ ያ የጋለ ሽቦ አልነበረም። አምስት ወር ሙሉ አብሮኝ ያደረ ነገር ድንገት ሲጠፋ ዝምታው ራሱ ያስደነግጣል። ያወጡትን በትንሽ ብልቃጥ አሳዩኝ፤ የተቀቀለ ጅማት የመሰለ፣ ከጣቴ ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ነጭ ቁራጭ ነው። በማግስቱ ጠዋት ነርሷ መጥታ «ተነሺ፣ እንራመድ» አለችኝ። እናቴ ከጎኔ ሆና «ምን ነካሽ፣ ትናንት የተቀደደች ልጅ!» ብላ ልትጣላት ደረሰች።

ስፌቱ እስኪወጣ ሁለት ሳምንት አዲስ አበባ እኅቴ ቤት ቆይቼ በወንድሜ መኪና ወደ ደሴ ተመለስሁ። 400 ኪሎ ሜትር ለተቀደደ ወገብ ቀላል መንገድ አይደለም። የፊቱን መቀመጫ ወደኋላ ዘርግተን፣ በየ40 ደቂቃው እየቆምን፣ እኔ ወርጄ አምስት ደቂቃ እየተራመድሁ መጣን። ደብረ ብርሃን ላይ፣ ከጣርማበር ዋሻ በፊት፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ እያልሁ የተራመድሁባቸውን ቦታዎች ዛሬም አስታውሳቸዋለሁ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ በየመታጠፊያው ወገቤን በሁለት እጄ ደግፌ ያዝሁ። ቤት ስንደርስ ጨልሟል፤ እናቴ ቀድማን መጥታ አልጋውን በሦስት ብርድ ልብስ አሙቃ፣ መስኮቱን በጨርቅ ወትፋ ጠበቀችኝ።

እንግዲህ ዋናው ነገር የተጀመረው እዚህ ነው። በእኛ አገር በሽተኛ ይተኛል፤ ጠያቂ ይመጣል፤ በሽተኛው እንዳይነሣ ይለመናል። ብርድ እንዳይመታው ይሸፈናል፣ የበግ ቅልጥም መረቅና አብሽ ይቀርብለታል። ከዚህ ሁሉ ፍቅር ጋር መጣላት ከባድ ነው። ሐኪሙ ግን በወረቀት ጽፎ የሰጠኝ ትእዛዝ ሌላ ነበር፤ በየቀኑ እየጨመርሽ ተራመጂ፣ ከ20 ደቂቃ በላይ በአንድ ጊዜ አትቀመጪ፣ ለስድስት ሳምንት አትጎንበሺ፣ አትጠማዘዢ፣ ከሁለት ኪሎ በላይ አታንሺ ይላል። ብዙ መተኛት ጡንቻን ያሰልላል፣ በባት ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፣ ሆድን ያደርቃል፣ ፍርሃትንም ይጨምራል። ማብቂያ የሌለው መተኛት ደግሞ ሰውን እንደተኛ ያስቀረዋል፤ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሰዎችን አውቃለሁ፣ አንዳንዶቹ አልጋው ላይ የቀሩት በሽታው ሳይሆን ፍርሃቱ ይዟቸው ነው።

ጠያቂዎች በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሦስት ጊዜ መጡ። ክርስቲያኑ «እግዜር ይማርሽ»፣ ሙስሊሙ «አላህ ዓፊያ ያድርግሽ» እያለ ሳሎናችን ሞላ። ቡና ተፈላ፣ ዕጣን ጨሰ፣ እትዬዎች ዱዓ አደረጉ። ችግሩ አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪጠጣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ሁለት ሰዓት በርጩማ ላይ መቀመጥ ደግሞ ለእኔ ከመርዝ አይለይም ነበር። ስለዚህ ቆሜ ተቀበልኋቸው። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ስኒዬን ይዤ፣ እየተጫወትሁ፣ ሲደክመኝ ከበሩ እስከ መስኮቱ እየተመላለስሁ አስተናገድኋቸው። መጀመሪያ ደነገጡ፤ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ እኛ ተቀምጠን አንቺ ታማሚዋ ልትቆሚ?» ብለው ሊነሡ ሞከሩ። የሐኪሙን ወረቀት አውጥቼ አነበብሁላቸው። ካነበብሁ በኋላ ዝም አሉና «እንግዲያማ እናስኬድሽ» ብለው ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ፤ ግቢውን አብረን ዞርን። ከዚያን ቀን ወዲህ ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሰው እያስኬደኝ ይጫወት ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ከደጃችን እስከ መታጠፊያው፣ በሦስተኛው እስከ ሱቁ፣ በአምስተኛው ሳምንት በጉም መካከል እስከ አስፋልቱ ወርጄ ተመለስሁ። ዳገቱን ስወርድ ከመውጣቱ ይልቅ ያስፈራኝ ነበር፤ የረጠበ ኮብልስቶን ያንሸራትታልና ጎረቤቴ ክንዴን ትይዘኝ ነበር።

ከአልጋ መነሣት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። እንደ ለመድነው ከጀርባ ቀጥ ብሎ ቁጭ ማለት ሆድንና ወገብን ይጨምቃል። እኔ መጀመሪያ ጉልበቴን አጥፌ፣ ትከሻዬንና ዳሌዬን ሳልለያይ እንደ ግንድ በአንድነት ወደ ጎን እገለበጣለሁ፤ ከዚያ እግሬን ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ስለቀው በዚያው ቅጽበት በክንዴ ፍራሹን ገፍቼ እነሣለሁ፤ የእግሬ ክብደት ራሱ ያነሣኛል። ወንድሜ ከአናጢ ዘንድ መካከሉ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ፣ ቁመቱ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ የእንጨት ወንበር አሠርቶ ሽንት ቤቱ ላይ አስቀመጠልኝ፤ መቀመጥ ለማይችል ሰው በሙሉ የምመክረው ዕቃ ነው። ትራማዶል የሚባለው ማስታገሻ ሆዴን አድርቆት ስለነበር ማማጥ ወገቤን ሊሰነጥቀው ደርሶ ነበር፤ ያዳነኝ በየጠዋቱ የምጠጣው ተልባና ብዙ ውኃ ነው። ሶላትን በወንበር ተቀምጬ እሰግድ ነበር። ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ፣ ያም ካልሆነለት በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ ሃይማኖታችን ፈቅዶልናል፤ ግንባሬን መሬት ባለማስነካቴ ግን ልቤ ያዝን ነበር።

በ12ኛው ቀን አዲስ አበባ ሳለሁ፣ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ እዚህ ደሴ፣ ያ የእግሬ ሕመም ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጣ። ሌሊቱን በሙሉ ዳግመኛ ወጣ ብዬ አለቀስሁ። ስደውል ሐኪሙ እግርሽ ይበልጥ ደክሟል ወይ፣ ትኩሳት አለሽ ወይ፣ ቁስሉ ይፈሳል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አንዱም እንደሌለ ስነግረው የተቆጣው ነርቭ እስኪረጋጋ እንዲህ ከፍና ዝቅ እንደሚል አስረዳኝ። በሦስት ቀን ለቀቀኝ። ነርቭ የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከወገብ እስከ እግር አውራ ጣት ያለውን ርቀት የሚያስብ ሰው ለምን ወራት እንደሚፈጅ ይገባዋል። ይህን ስሌት ከማወቄ በፊት ድንዛዜው ባለመልቀቁ በየጠዋቱ ተስፋ እቆርጥ ነበር፤ ካወቅሁት በኋላ ግን እግሬን መቆጣት ተውሁ።

ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ ደሴ ውስጥ ፊዚዮቴራፒ የሚባለውን የእንቅስቃሴ ሕክምና ጀመርሁ። እንቅስቃሴዎቹ ሲታዩ የሕፃን ጨዋታ ይመስላሉ። በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ መቀመጫን ከምንጣፉ ማንሣት፣ በእጅና በጉልበት ቆሞ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን ባንድነት መዘርጋት፣ ግድግዳ ይዞ በተረከዝ መቆም ናቸው። የምትሠራልኝ ልጅ ደጋግማ የምትለኝ ሲያምም እንዳቆም ሳይሆን ሕመሙ ወዴት እንደሚሄድ እንዳይ ነበር፤ ወገብ ላይ ቢሰበሰብ ይቀጠላል፣ ወደ እግር ቢወርድ ይቆማል። በስምንተኛው ሳምንት ሥራ ስመለስ አሮጌ የሒሳብ መዝገቦችን ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ኮምፒውተሩን ከፍ አደረግሁና ግማሹን ቀን ቆሜ መሥራት ጀመርሁ። ቤት ውስጥ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን በባለ 5 ሊትር ተተካ፤ ምጣዱም ከወለሉ ወደ ወገቤ ቁመት ወጣ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ረመዳን ሲገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንጣፍ ላይ ወርጄ ግንባሬን መሬት አስነካሁ። ከመነሣቴ በፊት ረጅም ጊዜ ቆየሁ፤ እናቴ የተቸገርሁ መስሏት ከኋላዬ ልትይዘኝ መጥታ ነበር።

አሁን ተራው የእናቴ ሆኗል። ሁለቱም ጉልበቶቿ ተበልተዋል፤ ደረጃ ስትወርድ ሲንቋቋ ከሌላ ክፍል ይሰማል። ለዘመናት እኛን ያዘለችበት፣ እንጨት የተሸከመችበት፣ ዳገት የወጣችበት ጉልበት ነው። ሐኪሙ እንደነገረን ሰው ከክብደቱ አንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ሸክም ይነሣለታል፤ የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ደግሞ ጉልበቱ ደጋፊ ያገኛል። ጎረቤቶቿ እንድታርፍ ይመክሯታል፤ እርሷም ብትሆን አልጋውን ትመርጣለች። እኔ ግን በየማለዳው ቡናው ሲቆላ ወንበር ላይ አስቀምጬ እግሯን ቀጥ አድርጋ እንድታነሣና አምስት እስኪቆጠር እንድትይዘው አደርጋለሁ፤ በአንድ እግር 10 ጊዜ፣ ከዚያ በሌላው። መጀመሪያ ላይ «ይህ ደግሞ ሕክምና ሆኖ!» ትለኝ ነበር። ትናንት ጠዋት ግን እኔ ምጣዱ ላይ እያለሁ ዞር ብዬ ሳይ ሳልነግራት ጀምራለች፤ ሙስበሃዋን በቀኝ እጇ ይዛ፣ እግሯን ባነሣች ቁጥር አንዲት ፍሬ እያሳለፈች ትቆጥራለች።